የአያ ሽብሩ ዓይኖች

ወለተሐና ደብረ ብርሃን ላይ የደረሰባትን ውርደት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አንኮበር ግን አንኮበር ነውና፣ ገና ከሚኒባሱ ሳትወርድ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወለተሐና ሠላሳ አንድ ዓመት የእጅ ሥራ ስታስተምር ኖራ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥታለች። ባሏን ቀደም ብላ ቀብራለች፤ ልጅም አልወለደችም። ጧት ስትነሣ «ቲቸር!» የሚላት ሰው ማጣቷ ከሁሉም በላይ ከበዳት፤ ቤቱ ጭር አለባት። እጇ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ስለዚህ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። አሻንጉሊት ሲባል ልጆች ታቅፈውት የሚተኙትን ትንሹን እንዳታስቡ። የእሷዎቹ የሰው ራስ የሚያህል ራስ ያላቸው፣ እጇን ከኋላቸው አስገብታ አፋቸውን እየከፈተችና እየዘጋች ተረት የምታስወራቸው ናቸው።

ከሁሉም የምትወደው አያ ሽብሩን ነው። አያ ሽብሩ ራሱ በዱቄት ሙጫ ከተደራረበ ጋዜጣ፣ ገላው ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ፣ ጢሙ ከእውነተኛ የበግ ጠጉር የተሠራ ሽማግሌ ነው። አፍንጫውን ብቻ ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች። ለዓይኑ ግን ሁለት የካፖርት ቁልፍ ሰፍታለት አልፋው ነበር፤ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ በቅርቡ የተከፈተ አንድ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አለ። የምታስተዳድረው ሣራ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ናት። ወለተሐና በእሷ ግብዣ እሁድ ዕለት አያ ሽብሩን በማዳበሪያ ከረጢት አዝላ ሄደች። ተረቱ መሃል ላይ ሲደርስ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሚጢጢ ልጅ ጣቷን ቀስራ፣ «ይሄ ሰውዬ ሞቷል፤ ዓይኑን እዩት!» አለች። አንዱ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሌላው፣ በሥርዓት ያደገ ልጅ ይመስላል፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ተረቱን የሚሰማ አልተገኘም።

«እትዬ ወለተሐና፣ ድምፅዎ ግሩም ነው» አለች ሣራ ወደ በሩ ስትሸኛት። «ልጆቹ ግን ዓይኑን ፈሩት። ቅዳሜ ለሥራ ወደ አንኮበር እመጣለሁ፤ ጎራ ብዬ አየዋለሁ። ዓይኑ ሕይወት ካገኘ ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ የእርስዎ ነው። ካልሆነም ምንም አይደል፤ ቴሌቪዥን እንሰቅልላቸዋለን።»

ቴሌቪዥን! ወለተሐና መንገዱን ሙሉ በሚኒባሱ መስኮት ያለፈውን ገደል ሁሉ ስታይ በሐሳቧ ቴሌቪዥን ስትወረውርበት ነበር። እነዚያን እሁዶች ፈልጋቸዋለች። እንደገና ልጆች ፊት መቆም፣ እንደገና «ቲቸር» መባል ፈልጋለች፤ ይህን ደግሞ ለራሷ እንኳ አልደበቀችም። ያላት ስድስት ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ በማለዳ ወደ ጠይባ ሱቅ ወረደች። ጠይባ ከአሊዩ አምባ መጥታ ሱቅ የከፈተች፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ወለተሐና የተደረደሩትን ዶድራንቶች አንድ በአንድ እየከፈተች፣ አፋቸው ላይ የምትንከባለለዋን ኳስ በአውራ ጣቷ እያሽከረከረች መረጠች። አንዱንም ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችም። በመጨረሻ ትልልቅ ኳስ ያላቸውን ሁለት የወንድ ዶድራንት አነሣች።

«የወንድ ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ጠይባ።

«አይቻለሁ።»

«ሁለት?»

«አንድ ብቻውን ምን ይሠራልኛል?»

«ማሻአላህ!» አለች ጠይባ። ሌላ ምንም አላለችም፤ ያቺ «ማሻአላህ» ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መንደሩን ዞራ ጨረሰች።

ወለተሐና ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ኳሶቹን ከጠርሙሶቹ አፍ በቢላ ፈልቅቃ አወጣች። ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የነቀለችውን ሽቦ በምድጃ አግላ በእያንዳንዱ ኳስ ከላይ እስከ ታች አሳለፈችው፤ ኳሱ በዚያ ላይ እንደ በር ይዞራል። ቡናማ ቀለበት፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ቀባች። ሁለቱን ዓይኖች ከኋላቸው በተሰበረ የፕላስቲክ ማስመሪያ አያያዘቻቸው። ማስመሪያው በናይለን ክር ሲሳብ ዓይኖቹ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ክሩ ሲለቀቅ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይመልሳቸዋል። ሲወራ ቀላል ነው። ማክሰኞ ማታ አንዱ ዓይን ወደ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ወደ አፋር በረሃ ይመለከት ነበር። ረቡዕ ጧት ግን ክሩን ስትስብ ሁለቱም አንድ ላይ ዞረው ዓይን ዓይኗን አዩ፤ ወለተሐናም ሳታስበው «ደህና አደሩ?» አለችው።

አሁን የቀራት ፈተና ነው። ለሰው ብታሳየው በይሉኝታ «እንዴት ያምራል!» ይላታል፤ ይሉኝታ ደግሞ ሣራን አያሳምንም። የሚያስፈልጋት ምንም የማያውቅ ዓይን ነው። ስለዚህ አያ ሽብሩን መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ጋቢውን እስከ አገጩ አለበሰችው፤ የሱፍ ኮፍያ ደፋችለት። ክሩን በመስኮቱ ስንጥቅ አውጥታ፣ በግድግዳው አስኬዳ ከቆርቆሮው የአጥር በር ጋር አሰረችው። በሩ ሲከፈት አያ ሽብሩ ወደ በሩ ያያል፤ ሲዘጋ ዓይኑን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ከዚያ ጓዳ ገብታ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ ጠበቀች።

ብዙም አልቆየች። ይርጋለም መጣች። ይርጋለም አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ የሰው በር ስትከፍት «ቤቶች!» ማለትን ገና አልለመደችም። ወንፊት ልትዋስ በሩን ገፋ ስታደርግ በመስኮቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን አዙረው አዩዋት። ይርጋለም ክው አለች። ወደ ኋላ አለችና በሩን ዘጋችው። ደግሞ ቀስ ብላ ከፈተችው፤ ደግመው አዩዋት። ሦስተኛም ሞከረች።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች።

ሰውየው አፍጥጠው ያዩዋታል እንጂ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

«እመቤቴ ድረሽ! ምላሳቸው ታስሯል!»

ወለተሐና ሳቋ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቀረች። ይርጋለም ወንፊቱን ረስታ ሮጠች፤ ከዚያ ግቢ ሳትዋስ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሽማግሌውና ሁለቱ ዶድራንት ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ወሬ ተገናኙ። ግማሹ ሰው «ድብቅ ባሏ ነው» አለ፤ ግማሹ «ኧረ ከሰላ ድንጋይ የመጣ አጎቷ ነው» ብሎ ተከራከረ። በጠና መታመማቸው ላይ ግን ሁሉም ተስማማ። በሽተኛ ደግሞ ባል ይሁን አጎት መጠየቅ አለበት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ይርጋለም ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። ድፎ ዳቦ፣ ብርቱካን በፌስታል፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘዋል። ፊታቸውን በሽተኛ ለመጠየቅ እንደሚገባው አድርገው አክብደዋል።

ወለተሐና እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እግዜር ያውቃል፣ ከፍታ ነበር። ነገር ግን አንድ ሐሳብ ሽው አለባት፤ እነዚህ ሴቶች በሰፈሩ በሽተኛ አልጋ ራስጌ ያልተቀመጡበት ቤት የለም። እነሱ ያመኑትን ዓይን ሣራ ምን ልትለው ነው?

«ቆዩማ፣ ላዘጋጃቸው» አለች።

አያ ሽብሩን ከወንበሩ አንሥታ አልጋ ላይ አጋደመችው። መጋረጃውን ጋረደች፤ ክሩን በጋቢው ሥር አሳልፋ ጫፉን እጇ ላይ ጠመጠመች፤ ራስጌው ተቀመጠች። ዓይኗን በጨው ታጥባ «ግቡ፤ ነካ ግን እንዳታደርጓቸው፣ ያማቸዋል» ብላ አስገባቻቸው።

«አባባ፣ ያውቁኛል? ትናንት ተያይተናል እኮ» አለች ይርጋለም ጎንበስ ብላ።

ወለተሐና ክሩን ሳብ አደረገች። አያ ሽብሩ ወደ ይርጋለም ዞሮ አያት።

«አወቁኝ!» ብላ ይርጋለም እንባዋን አዘራችው። ሁለቱም ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ወለተሐናም ሳቅ ሲያንፈቀፍቃት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እነሱ ደግሞ ስታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ» አሏት። ሲወጡ አጥሚቱን የምትጠጣላቸው እሷው ሆነች። ዳቦውም በጣም ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሩ አልተዘጋም። ወለተሐና እያንዳንዱን ጠያቂ እንደ ፈተና ወረቀት አርማ አሳለፈችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረ ጻድቅ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። አቶ ገብረ ጻድቅ ለቀልድ ጊዜ የሌላቸው ሰው ናቸው።

«ሕመም መቼም የሰው ነው» አሉ ለአያ ሽብሩ። «ግን እዚህ እድር የለዎትም። ክፉ ነገር ቢመጣ ይህቺ ሴት ብቻዋን ምን ትሆናለች? ፈቃድዎ ከሆነ ወደ ቀኝ ይዩልኝ።»

ወለተሐና ክሩን መሳብ አልፈለገችም ነበር። ግን ሳቋን ስትታገል ክሩን ሳታስበው ሳበችው፤ አያ ሽብሩም ወደ ቀኝ አየ። አቶ ገብረ ጻድቅ መነጽራቸውን አጠለቁና በጥንቃቄ ጻፉት። እንዲህ ሆኖ ነው ራሱ ጋዜጣ፣ ገላው ስፖንጅ የሆነ ሰው የእድር አባል የሆነው።

ሊመሽ ሲል ይርጋለም ደግማ መጣች።

«ወለተሐና፣ ለቄሱ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ጧት ይዣቸው እመጣለሁ፤ ጠበል ይረጩዋቸዋል።»

«አይ፣ አትድከሚ ይርጋለም…»

«ምን ድካም አለው! ለእኔም አባቴ ማለት ናቸው።»

ያኔ ሳቁ ሁሉ ከወለተሐና ላይ ረገፈ። አንደኛ ነገር፣ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ፊት አንድ ኩባያ ውሃ ሲፈስበት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ከዚህም በላይ ግን እምነት ያላት ሴት ናት፤ በጠበል አይቀለድም። ድፎውን በልታ ማለፍ ትችላለች፣ ይህንን ግን አትችልም። ቅዳሜ ደግሞ የሣራ ቀን ነው። ብትናገር ሰፈሩ በሣራ ፊት ያዋርዳታል፤ ብትደብቅ የባሰ ይመጣል። ያን ሌሊት አልጋዋን አያ ሽብሩ ስለያዘው መደብ ላይ ተኝታ፣ «አበዛሁት» እያለች ስትገላበጥ አደረች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ኃይለ ገብርኤል መጣ። ኃይለ ገብርኤል የሒሳብ መምህር የነበረ፣ ሳያገባ የቀረ፣ በስብሰባ ላይ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ከወለተሐና ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ አሥራ ዘጠኙ ዓመት የተነጋገሩት ቢሰበሰብ አንድ ደብተር አይሞላም። ባርኔጣውን አውልቆ ገባና በሽተኛው ፊት ተቀመጠ። ወለተሐና ክሩን ሳበች፤ አያ ሽብሩ ወደ ቀኝ አየ። ለቀቀችው፤ ተመለሰ። ኃይለ ገብርኤል ወደ ፊቱ ጎንበስ ብሎ መረመረው።

«የሚጨፍኑት መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሲተኙ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሕመሙ ነው፤ አላስጨፍን ብሏቸዋል።»

ኃይለ ገብርኤል እጁን ዘርግቶ የአያ ሽብሩን ቀኝ ዓይን በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። ቀጭ ቀጭ አለ። ወለተሐና የምትገባበት ጠፋት።

«የታመመ ሰው ደግሞ እንዲህ ሽቶ ሽቶ አይልም» አለ። ቤቱ እውነትም የወንድ ዶድራንት ይሸታል።

«ልትናገርብኝ ነው?»

«እኔ መች እናገራለሁ?» አለ ኃይለ ገብርኤል፤ እውነቱን ነው። ከዚያ እንደገና ወደ አሻንጉሊቱ ጎንበስ አለ። «አዟዟሩ ጥሩ ነው። ክሩም ጥሩ ነው። ግን ይሄ ጨለማ ስላለና ሰዎቹ ስላዘኑ ነው ያመኑሽ። በብርሃን አይሆንም። ልጆች አያምኑም።»

«ምን ጎደለው?» አለች ወለተሐና ተቆጥታ። አምስት ቀን ሙሉ የፈራችውን ነገር ሰው ፊት ለፊት ነግሯታል።

«ሰው ዓይኑን ሲያዞር መጀመሪያ ይጨፍናል። ጨፈን ያደርግና ያዞራል፤ ከዚያ ይከፍታል። ቶሎ ነው የሚያልፈው፤ ግን አለ። ያንቺ ሰውዬ ዓይን እንደ መሳቢያ ነው የሚንሸራተተው።»

«ማን ነው ያለህ? የት አነበብከው?»

«እንዲሁ አውቀዋለሁ» አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

እሱ እንደወጣ ወለተሐና መስታወት አነሣች። ዓይኗን ወደ ግራ፣ ዓይኗን ወደ ቀኝ አደረገች፤ የራስን ዓይን ሲዞር ማየት አይቻልም፣ ይበልጥ ተናደደች። ወጥታ በአጥሩ ቀዳዳ ይርጋለምን አየቻት። ይርጋለም ደጇ ላይ ሽንኩርት እየላጠች አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ከሽንኩርቱ ወደ መንገዱ፤ ጨፈን። ከመንገዱ ወደ ሽንኩርቱ፤ ጨፈን። ወለተሐና ሽንኩርቱ ይሆናል ብላ ተላልጦ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሽንኩርቱ አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ያስቀረቻት አንዲት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነበረቻት። ለሁለት ሰነጠቀቻት፤ የአያ ሽብሩን ፊት ቀለም ቀባቻት፤ ግማሹን በቀኝ ዓይኑ፣ ግማሹን በግራ ዓይኑ ላይ እንደ ቆብ ደፋችው። በጎንና በጎን በሽቦ ያዘችው፤ ወደ ታች የሚስበው ክር፣ ወደ ላይ የሚመልሰው ላስቲክ አበጀችለት። ጫፉ ላይ ከጢሙ የተረፈ የበግ ጠጉር ለጥፋ ሽፋሽፍት አወጣችለት። አሁን ሁለት ክር አለ፤ ለሌባ ጣት የሽፋኑ፣ ለመሃል ጣት የዓይኑ። ጣቶቿ ቅደም ተከተሉን እስኪይዙ ድረስ ፀሐይ እስክትጠልቅ ደጋገመችው፤ ጨፈን፣ ዞር፣ ገለጥ። ከመቶ ጊዜ በኋላ አያ ሽብሩ ከመብራቱ ወደ እሷ ዞር ሲል ወለተሐና ደነገጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ሰው ያያት መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ጧት ጉሙ ገና ከገደሉ ሳይወርድ ግቢዋ በሰው ሞላ። ቄሱ መጥተዋል፤ ይርጋለም ጠበሉን በጀሪካን ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። አቶ ገብረ ጻድቅ ከነመዝገባቸው፣ ጠይባ ከነሳቋ አሉ። ኃይለ ገብርኤል ከሁሉም ኋላ አጥሩን ተደግፏል። በዚህ መሃል ሣራ ከሚኒባስ ወርዳ እየጠየቀች ደረሰች። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ፊቱን ያከበደ፣ ቄስም ያለበት! ነጠላዋን ቶሎ አዘቅዝቃ አጠገቧ ያለችውን ጠይባን፣ «ማን ነው የሞተው?» አለቻት በሹክሹክታ።

ወለተሐና ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ በመስኮቱ አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን በአያ ሽብሩ ራስ ውስጥ አስገባች፤ የግራ እጇን ጣቶች በሁለቱ ክሮች አጠለቀች፤ በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣች።

አያ ሽብሩ ጨፈን አደረገና ወደ ቄሱ አየ። ጨፈን አደረገና ወደ ይርጋለም አየ።

«ድነው ተነሡ!» ብላ ይርጋለም ልትንበረከክ ስትል፣ አያ ሽብሩ በሻካራ የሽማግሌ ድምፅ ቀደማት።

«ቆይ፣ እንዳትንበረከኪ! አባቴ፣ ጠበሉንም ያቆዩልኝ። እኔ አልታመምኩም። ለመታመም ገላ ያስፈልጋል፤ የእኔ የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ራሴ የድሮ ጋዜጣ ነው። ጥፋተኛዋ ይህቺ የያዘችኝ ሴት ናት። ዓይኔ ሰው ያሳምን እንደሆነ ለማየት ብላ ነው ደግ ሰው ያሞኘችው። ይቅር በሏት፤ ባትሏትም ፍርዱ የእናንተ ነው።»

ይርጋለም ጀሪካኑን አስቀመጠች፤ ተጠጋች፤ የአያ ሽብሩን ክንድ ጨመቀች። እጇ ስፖንጁ ውስጥ ሰመጠ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ወለተሐና «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች በልቧ።

«ድፎ ጋግሬልህ!» ብላ ጮኸች ይርጋለም። «እንቅልፍ አጥቼልህ! አልቅሼልህ!»

የምትጮኸው በወለተሐና ላይ አልነበረም። አያ ሽብሩን ዓይን ዓይኑን እያየች ነው። አያ ሽብሩ ጨፈነና አንገቱን ደፋ።

«አትድፋ! ሰው ሲያናግርህ ቀና ብለህ እይ!»

ቀና ብሎ አያት።

«እሺ፣ ድፎዬን ማን በላው?»

አያ ሽብሩ ጨፈን አደረገ፤ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ወለተሐና አዞረ፤ ገለጠ።

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ግቢውን የሚያቆመው አልተገኘም። ይርጋለም እንኳ ኩርፊያዋን ልታቆይ ታግላ አልሆነላትም። አቶ ገብረ ጻድቅ ብቻ አልሳቁም። መዝገባቸውን ገልጠው፣ «አንድ አባል ከተመዘገበ በኋላ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ አይሰረዝም» ብለው አስታወቁ፤ አያ ሽብሩም ጨፈን አድርጎ በአክብሮት አያቸው። እሳቸውም ሳያስቡት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላምታውን መለሱ።

ሣራ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ፊት መጣች።

«እትዬ፣ ስፖንጅ መሆኑን ነግረዋቸውም እኮ ያናግሩታል!» አለች። «በቃ፤ ቴሌቪዥኑ ይቅር። እሁድ እሁድ የእርስዎ ነው።»

ወለተሐና ያቺን ቃል ስድስት ቀን ጠብቃታለች፤ አሁን ስትሰማት እንባዋ መጣና በአያ ሽብሩ ጋቢ ጠረገችው።

«ግን ይሄን ጨፍኖ መዞሩን ከየት አገኙት?» አለች ሣራ። «እኔ ከተማ ውስጥ ስንት የአሻንጉሊት ትርኢት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«የእኔ አይደለም» አለች ወለተሐና። «ያ አጥሩን የተደገፈው የሒሳብ መምህር ነው የነገረኝ። ከየት እንዳወቀው ብጠይቀው እንዲሁ አውቀዋለሁ ብሎኛል፤ እስቲ አንቺ ጠይቂው።»

ግቢው በሙሉ ወደ ኃይለ ገብርኤል ዞረ። ኃይለ ገብርኤል የሚሸሽበት ቢያጣ ባርኔጣውን አወለቀ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ነበር» አለ። «እኔ ቀና ባልኩ ቁጥር እሷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ከማዞሯ በፊት ትጨፍናለች። አንድም ቀን ሳትጨፍን አዙራ አታውቅም።»

ጠይባ «ማሻአላህ» ልትል ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። ወለተሐና ኃይለ ገብርኤልን አየችው። እሱም ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ያያታል። ፊቷ ጋለ፤ አልቻለችም፤ ዓይኗን ወደ አጥሩ በር አዞረች።

«ጨፈነች!» ብላ ጮኸች ይርጋለም።